ለዕፅዋትና ለእንስሳት ሁለት ቃል ስም ያወጣው ሊኒየስ

ሰብልን የሚያቀጭጨውን፣ ላም ከበላችውም ወተቷን የሚያመርረውን መጤ አረም የአማርኛ ተናጋሪ አርሶ አደሮች ቅንጨ አረም ይሉታል። በኦሮሚያ ፋራምሲሳ ይባላል፤ ሕንድ ውስጥም ሌላ ስም አለው። በየትኛውም ሀገር ያለ ተመራማሪ ግን ፓርቴኒየም ሂስቴሮፎረስ ብሎ ይመዘግበዋል። የአውስትራሊያ ባለሙያ ስለዚህ አረም የጻፈውን የኢትዮጵያ ባለሙያ ሳይሳሳት ሊጠቀምበት የሚችለው ሁለቱም በአንድ ስም ስለሚጠሩት ነው። ይህን ስም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1753 ያወጣው ካርል ሊኒየስ የተባለ ስዊድናዊ ነው።

ሊኒየስ በ1707 በደቡባዊ ስዊድን ሮስሁልት በተባለች የገጠር መንደር ተወለደ። በዚያ ዘመን የስዊድን ገጠሬ እንደ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የአባቱን ስም አስከትሎ ይጠራ ነበር። የሊኒየስ አባት ኒልስ ግን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የቤተሰብ ስም አስፈለገውና በወላጆቹ ርስት ላይ ከቆመ ትልቅ የሊንደን ዛፍ ስሙን ወሰደ። ስም አውጭው ራሱ ስሙን ያገኘው ከዛፍ ነው ማለት ነው። ኒልስ ካህንና የጓሮ አትክልት ወዳጅ ነበር፤ ልጁም በየአበባው ሥር ስም እየጠየቀ አደገ።

ወላጆቹ እንደ አባቱ ካህን እንዲኾን ቢመኙም መምህራኑ ለክህነት ትምህርት እንደማይበቃ፣ የእጅ ሙያ ቢማር እንደሚሻል ለአባቱ ነገሩት። ከዚህ ያዳነው ሮትማን የተባለ ሐኪም ነው፤ ሕክምና እንዲያጠና አባቱን አግባባለት። መድኃኒት በአብዛኛው ከዕፅዋት ይቀመም ስለነበር ሐኪም የሚኾን ሁሉ ዕፅዋትን የማወቅ ግዴታ ነበረበት። በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ በችግር ተማረ፤ በ1732 ላፕላንድን ዞሮ አጠና፤ በ1741 እዚያው ኡፕሳላ ፕሮፌሰር ኾነ።

ከእርሱ በፊት የአንድ ተክል ስም ሙሉ የላቲን ዐረፍተ ነገር ነበር። ቲማቲም እሾህ አልባ ለስላሳ ግንድና የተቆራረጠ ቅጠል ያለው ሶላነም እየተባለ ይጠራ ነበር። አዲስ ዘመድ በተገኘ ቁጥር ለመለየት ሲባል ስሙ ይረዝማል። ሊኒየስ በሁለት ቃል አሳጠረው፤ ቲማቲም ሶላነም ሊኮፐርሲከም፣ ድንች ሶላነም ቱበሮሰም ኾኑ። የመጀመሪያው ቃል ወገኑን፣ ሁለተኛው ራሱን ይናገራል፤ የራስ ስም ለሚቀድምበት ሀገር ሰው ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። ጥቅሙ ግን ለመዝገብ ብቻ አይደለም። ሁለቱ የአንድ ወገን መኾናቸውን ያወቀ አርሶ አደር የድንችን ቅጠል የሚያጠቁረው በሽታ ቲማቲሙንም ለምን እንደሚያጠቃ ይገባዋል፤ ድንች በነቀለበት ማሳ ላይ ወዲያው ቲማቲም ከመትከልም ይቆጠባል።

በ1753ቱ መጽሐፉ 6 ሺህ የሚጠጉ ዕፅዋትን በዚህ መንገድ ሰየመ። በ1758 በሬውም፣ በጉም፣ አህያውም ሁለት ሁለት ቃል አገኙ። ናሙና እንዲያመጡለት ደቀ መዛሙርቱን ወደ ሩቅ ሀገራት ላከ፤ በርካቶቹ አልተመለሱም። ከመካከላቸው ፎርስኮል በ1763 የመን ውስጥ በወባ ሞተ።

ሥራው ሁሉ ግን የጸና አልነበረም። ዕፅዋትን በአበባቸው ወንዴ ክፍሎች ቁጥር መመደቡ ዘመዳሞችን ስለሚለያይ ኋላ ተትቷል። ሰውንም በአህጉርና በቆዳ ቀለም ከፍሎ ለየክፍሉ ጠባይ ሰጠ፤ ለአፍሪካውያን የሰጠው የሚያዋርድ ነበር፤ በኋላ የተነሡ ዘረኞችም ተደገፉበት።

ቡናም አለ። የአውሮፓ ነጋዴዎች ቡናን ከየመን ይገዙ ነበርና ሊኒየስ ኮፊያ አራቢካ አለው። የዚህ ቡና የዱር መገኛ በዋናነት የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መኾኑ ቢታወቅም ስሙ አልተለወጠም። ደንቡ በአግባቡ ታትሞ የወጣ ቀዳሚ ስም፣ ትርጉሙ ቢያሳስት እንኳ፣ እንዲጸና ያዝዛል።

በ1774 በአንጎል የደም ዝውውር መታወክ ታመመ። የሺዎችን ስም ያወጣው ሰው በመጨረሻ የራሱን ስም እስከመርሳት ደርሶ እንደነበር ይነገራል። በጥር 1778 ዐርፎ በኡፕሳላ ካቴድራል ተቀበረ። ወንበሩን የወረሰው ልጁ ካርል ብዙ አልቆየም፤ ከአባቱ 5 ዓመት በኋላ ሞተ። ይኹን እንጂ የኢትዮጵያን ኑግ በሁለት ቃል የሰየመው ይኸው ልጅ ነው። የወገኑ ስም ኋላ ተለውጦ ጉይዞቲያ ተብሏል፤ ልጁ ያወጣለት ሁለተኛው ቃል፣ አቢሲኒካ፣ ግን እስካሁን አብሮት አለ።