ጄምስ ማዲሰን፤ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ያሰናዱ ሊቅ

ጄምስ ማዲሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1751 ዓ.ም. በቨርጂንያ ተወለዱ። ቁመታቸው አጭር፥ ድምፃቸውም ደካማ ስለ ነበረ ለአደባባይ ንግግር የተፈጠሩ አይመስሉም ነበር፤ ኃይላቸው በንባብ ላይ ነበር። በፕሪንስተን ኮሌጅ ከመምህር ጆን ዊዘርስፑን እግር ሥር ተምረው በ1771 ትምህርታቸውን ፈጸሙ።

13ቱ ግዛቶች ከእንግሊዝ ተለይተው ያቋቋሙት ኅብረት ግብር የመጣል ሥልጣን እንኳ አልነበረውም። ማዲሰን ይህን ባዩ ጊዜ፥ ወዳጃቸው ጄፈርሰን ከፓሪስ የላኩላቸውን መጻሕፍት እያገላበጡ፥ የጥንት ግሪኮች የከተማ ኅብረቶች በምን ምክንያት እንደ ፈረሱ መረመሩ። በ1787 በፊላደልፍያ በተደረገው ጉባኤ ከፊት ተቀምጠው የተናጋሪዎቹን ቃል ዕለት ዕለት ይጽፉ ነበር፤ ማስታወሻቸውም የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1840 ነው። ሥልጣን ለሕግ አውጪ፥ ለሕግ አስፈጻሚና ለዳኞች ተከፍሎ አንዱ ሌላውን እንዲገታ አጥብቀው ተከራከሩ።

የመብቶች ዝርዝር ግን በመጀመሪያ አስፈላጊ መስሎ አልታያቸውም፤ የብዙኃኑን ጉልበት በወረቀት የተጻፈ ቃል አይገታውም ብለው ያምኑ ነበርና። ብዙ ሰው አጥብቆ በጠየቀ ጊዜ አሳባቸውን ለውጠው፥ በ1789 ማሻሻያዎቹን ለምክር ቤቱ ራሳቸው አቀረቡ፤ ከእነዚህም 10ሩ በ1791 ጸደቁ። ስሙ ለገነነ ሊቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከ1809 እስከ 1817 ፕሬዚዳንት ሆነው አገለገሉ። ስለ ነፃነት ይህን ያህል የደከሙት ሰው ግን ባርነት ክፉ መሆኑን እያወቁ በርስታቸው ላይ ባሮችን ያሠሩ ነበር። በ1836 ሲሞቱም በኑዛዜያቸው ነፃ አላወጧቸውም፤ ርስቱ በ1844 ሲሸጥ ከእነርሱ አያሌዎቹ አብረው ተሸጡ።