ሐንሰን እና ያልተጠየቀችው በሽተኛ

በአገራችን ልጅ ሲዳር ሽማግሌ ከሚያጣራቸው ነገሮች አንዱ የወገን ጤና ነው። በተለይ በቀደመው ዘመን፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ነበረ ከተባለ፣ ልጁ የቱንም ያህል ጨዋና ሠርቶ አዳሪ ቢሆን ጋብቻው በዚያው ይቀር ነበር። በሽታው በዘር ይመጣል፣ ከአጥንት አይለቅም ተብሎ ስለሚታመን ነው። ይህ እምነት የእኛ ብቻ አልነበረም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ታላላቅ ሐኪሞች መጽሐፍ ጽፈውለት ያስተምሩት ነበር። ይህን ትምህርት በማይክሮስኮፕ ያፈረሰው ኖርዌያዊው ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዘነበወርቅ አካባቢ፣ አለርት ግቢ የሚገኘው የምርምር ተቋም የሚጠራው በእሱ ስም በመሆኑ ስሙን የሰማ ብዙ ነው። ፍርድ ቤት ቆሞ እንደተፈረደበት የሚያውቅ ግን ጥቂት ይመስለኛል።

ሐንሰን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1841 በርገን በተባለችው የኖርዌይ የወደብ ከተማ ነው። አሥራ አምስት ልጆች ከነበሩበት ቤት ስምንተኛው ሲሆን፣ የትምህርቱን ወጪ እየሠራ ነበር የሚሸፍነው። በ1866 በክርስቲያኒያ፣ ማለትም በዛሬዋ ኦስሎ፣ ሕክምና አጠናቀቀ። በሰሜን ሎፎተን ደሴቶች የዓሣ አጥማጆች ሐኪም ሆኖ ጥቂት ከቆየ በኋላ በ1868 ወደ በርገን ተመለሰ። በርገን በዚያን ጊዜ በአውሮፓ የሥጋ ደዌ ሕሙማን በብዛት የተሰባሰቡባት ከተማ ነበረች። ሦስት ሆስፒታሎች ለዚሁ በሽታ ብቻ ነበሯት። የኖርዌይ መንግሥት ከ1856 ጀምሮ ሕሙማኑን በስምና በመንደር በብሔራዊ መዝገብ ያሰፍር ስለነበር፣ በአገሪቱ ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጉ ሕሙማን እንዳሉ ይታወቅ ነበር።

ሐንሰን የተቀጠረበት የሉንገጎርድ ሆስፒታል ኃላፊ ዳኒየል ዳኒየልሰን ነበር። ዳኒየልሰን በሥጋ ደዌ ሕክምና በዓለም የታወቀ ሰው ሲሆን፣ በሽታው በዘር እንደሚወረስ የሚያምን ነበር። እምነቱንም በራሱ ላይ ፈትኖታል። ከሕሙማን እብጠት የተወሰደ ነገር በራሱ ገላ ውስጥ ደጋግሞ ጨምሮ፣ ሳይታመም በመቅረቱ አይተላለፍም ብሎ ደመደመ። ዛሬ እንደምናውቀው አብዛኛው ሰው ይህን ባክቴሪያ በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። ዳኒየልሰን ደፋር ሰው ነበር፤ ድፍረቱ ግን የተሳሳተ መልስ ሰጠው።

ወጣቱ ሐንሰን የአለቃውን ትምህርት አልተቀበለም። መዝገቡን ይዞ በምዕራብ ኖርዌይ መንደሮች እየዞረ ማን ከማን ጋር እንደኖረ፣ ማን መቼ እንደታመመ መረመረ። የበሽታው አካሄድ የደም ዝምድናን ብቻ ሳይሆን አብሮ መኖርንም የሚከተል ሆኖ አገኘው። በየካቲት 1873 ከአንድ ሕመምተኛ እብጠት የወሰደውን ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲመለከት እንደ ቀጭን ዘንግ ያሉ ነገሮችን አየ። በ1874 ይህንኑ ለክርስቲያኒያ የሕክምና ማኅበር በጥንቃቄ አሳተመ። ሥር የሰደደ የሰው ልጅ በሽታ ከባክቴሪያ ጋር ሲያያዝ ይህ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ኮህ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን ያስታወቀው በ1882 መሆኑን ልብ ይሏል።

በዚያው በ1873 ሐንሰን የአለቃውን የዳኒየልሰንን ልጅ አግብቶ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። ስለ በሽታው የነበራቸው ልዩነት የአማችና የአለቃ ዝምድናቸውን አላፈረሰውም።

ችግሩ የመጣው ከማስረጃው ነው። ባክቴሪያውን ማየት አንድ ነገር ነው፤ የበሽታው መንስኤ መሆኑን ማረጋገጥ ሌላ። ሐንሰን ባክቴሪያውን ከሰውነት ውጭ ለማሳደግ ሞከረ፣ አልሆነለትም። እስከ ዛሬም በቤተ ሙከራ ብልቃጥ ያሳደገው የለም። በእንስሳት ሞከረ፣ አልያዛቸውም። በአይጥ እግር ማሳደግ የተቻለው በ1960 ነው። በ1879 ደግሞ ጀርመናዊው ወጣት ሐኪም አልበርት ኒሰር በርገን መጥቶ፣ ሐንሰን በቅንነት የሰጠውን ናሙና ወደ አገሩ ወስዶ ቀለም አስገብቶ ግኝቱን እንደ ራሱ አድርጎ አሳተመ።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሐንሰን ያን ድርጊት ፈጸመ። በሆስፒታሉ የምትታከም የ33 ዓመት ሴት ነበረች። የያዛት ስሜትን የሚያደነዝዘው የበሽታው ዓይነት ነው። ሐንሰን ቆዳን ከሚያሳብጠው ዓይነት የተወሰደ ነገር፣ ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና በሚያገለግል ስለት ዓይኗ ላይ ጨመረባት። ዓላማው በሽታው መተላለፉን ማሳየት ነበር። አልተላለፈም። ፈቃዷን አልጠየቀም፤ ለምን እንደሚያደርገውም አልነገራትም።

ነገሩ በሆስፒታሉ ቄስ በኩል ወደ ባለሥልጣናት ደረሰና ክስ ተመሠረተ። ሐንሰን ድርጊቱን አልካደም። ሳይጠይቃት የቀረውም እሺ እንደማትለው ስለገመተ መሆኑን አልሸሸገም። ለሕግ ሰው ከዚህ የከበደ የእምነት ቃል የለም። እምቢ እንደምትል ካወቀ፣ የተላለፈው የጠረጠረውን ሳይሆን ያወቀውን እምቢታ ነው። የበርገን ፍርድ ቤት በግንቦት 1880 ከሆስፒታል ሐኪምነቱ እንዲነሳና ኪሣራ እንዲከፍል ፈረደበት። በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር ፈቃድ እንዲጠየቅበት የሚደነግገው የኑረምበርግ ደንብ የወጣው በ1947 ነው። የበርገን ዳኞች ከዚያ 67 ዓመት ቀድመው፣ ድሃና የታመመች ሴት ከታዋቂ ሐኪም ጋር በሕግ ፊት እኩል መሆኗን አሳይተዋል። እኔ ሕግ ስማር ይህን ጉዳይ ያነሳልኝ መምህር አልነበረም።

ፍርዱ ግን ግማሽ ፍርድ ነበር። ሐንሰን ከ1875 ጀምሮ ይዞት የነበረውን የአገሪቱን የሥጋ ደዌ ዋና ሐኪምነት አልተነጠቀም። አንዲትን ሴት ባለመጠየቁ የተቀጣው ሰው፣ ሺዎችን የሚመለከት ሕግ ማስወጣቱን ቀጠለ። በ1885 የወጣው ሕግ ሕመምተኛው በቤቱ የተለየ ክፍል ከሌለው ሆስፒታል እንዲገባ የሚያስገድድ ነበር። የሕሙማኑ ቁጥር በ1901 ከ600 በታች ወረደ። ውጤቱ ሁሉ የሕጉ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ የኑሮ መሻሻልም ድርሻ አለው። በ1897 የበርሊን ጉባኤ ይህ አሠራር ለዓለም ሲመከር ግን፣ በሌሎች አገሮች ሕሙማን ከልጆቻቸው ተነጥለው ዕድሜ ልክ በደሴት እስከ መታጎር ተደረሰ። ሐንሰን በየካቲት 1912 ለሥራ በሄደባት ፍሎሮ በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ አረፈ።

ዛሬ በሽታው በመድኃኒት ይድናል። ቁስሉ ግን ይቀራል። ባክቴሪያው የሚጎዳው ነርቭን ስለሆነ፣ የደነዘዘ እግር እሾህና ድንጋይ አያውቅም፤ ሲቆስል ባለቤቱ አይሰማውም፣ እየረገጠ ያባብሰዋል። የስኳር ሕመምተኞች እግርም የሚቆስለው በተመሳሳይ መንገድ ነው። እንዲህ ያለውን አልድን ያለ ቁስል ከሥሩ ለማከም ተስፋ የተጣለበት አንዱ መንገድ የዘረ መል ሕክምና ነው።

በሕፃናት ላይ የሚታይ፣ ቆዳ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ተነካ ሲባል የሚገሸለጥበት በሽታ አለ። ይህ በእርግጥ በዘር የሚመጣ ነው፤ ቆዳን ከሥጋ የሚያያይዘውን ኮላጅን የሚሠራው ዘረ መል ይጎድላል። አሜሪካ በግንቦት 2023 ቪጁቬክ የተባለ ቅባት ፈቀደች። ጉዳት እንዳያደርስ የተቀየረ የሄርፒስ ቫይረስ የጎደለውን ዘረ መል ተሸክሞ ቁስሉ ላይ በሳምንት አንዴ ይንጠባጠባል። በ31 ታካሚዎች ላይ በተደረገው ሙከራ፣ በስድስት ወር ውስጥ በቅባቱ ከታከሙት ቁስሎች 67 በመቶው ሙሉ በሙሉ ሲድኑ፣ ያለ መድኃኒቱ ከተቀቡት የዳኑት 22 በመቶው ናቸው። ገበያ ሲወጣ የአንዱ ብልቃጥ ዋጋ 24,250 ዶላር ነበር። የእኛ አገር እናት ይህን በምን አቅሟ ትገዛዋለች የሚለውን አንባቢ ይመልሰው።

ሁሉም ግን እንዲህ አልቀናውም። ጃፓን በ2019 ደም ባጣ እግር ላይ ለሚወጣ ቁስል፣ አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል የሚያደርግ ዘረ መል በመርፌ እንዲሰጥ በቅድመ ሁኔታ ፈቅዳ ነበር። በኋላ የተሰበሰበው መረጃ የቀድሞውን ውጤት መድገም ስላልቻለ ኩባንያው በ2024 የሙሉ ፈቃድ ጥያቄውን አነሳ። በእነዚያ አምስት ዓመታት መርፌውን የተወጉት ሕሙማን፣ ማስረጃው ገና ያልተሟላ መሆኑ በሚገባቸው ቋንቋ ተነግሯቸው ነበር ወይ የሚለው የሐንሰን ፋይል ጥያቄ ነው።

ከ1970 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ተቋም በጎረቤቱ አለርት ከሚታከሙ ሕሙማን ናሙና እየወሰደ ሲመራመር ኖሯል። ዛሬ እዚያ ግቢ ውስጥ አንድ ተመራማሪ ከሕመምተኛ ቁስል ትንሽ ነገር መውሰድ ቢፈልግ፣ ጥናቱን አስቀድሞ ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ማቅረብ አለበት። ከዚያም ሕመምተኛውን ቁጭ አድርጎ ያስረዳል። ፊደል ያልቆጠረ ከሆነም በምስክር ፊት በጣቱ እንዲፈርም ይደረጋል። እምቢ ካለም ሕክምናው አይቋረጥበትም።