በ10 ሽልንግ የተሸጠው አንበሳ

«ዘ ላየን ኪንግ» ፊልምን ያየ ሁሉ ቲሞንና ፑምባ የሚያንጎራጉሯትን የአንበሳ ዘፈን ያውቃታል። ባለቤቷን ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? ሰለሞን ሊንዳ ይባላል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው።)

ሊንዳ በ1909 በደቡብ አፍሪካ፣ ዙሉላንድ ገጠር ተወለደ። ሥራ ፍለጋ ጆሃንስበርግ ገባና ጋሎ በተባለ የሸክላ ኩባንያ በጽዳትና በሸክላ አሻጊነት ሠራ። ኢቭኒንግ በርድስ የሚባል የዘፈን ቡድንም ነበረው።

በ1939 ከቡድኑ ጋር በጋሎ ስቱዲዮ «ምቡቤ»ን ቀዳ፤ በዙሉኛ አንበሳ ማለት ነው። ዓለም ዛሬ የሚያፏጫትን ቅላጼ ሊንዳ እዚያው እየዘፈነ ነው የፈጠራት። ሸክላው ወደ 100,000 ቅጂ ተሸጠ።

ጉዱ ውሉ ላይ ነው። ሊንዳ መብቱን ለጋሎ በ10 ሽልንግ ሸጠው፤ ግማሽ ፓውንድ መሆኑ ነው! ከእያንዳንዱ ሽያጭ ትንሽ ፐርሰንት፣ ማለትም ሮያሊቲ፣ ቢዋዋል ኖሮ ዘፈኑ በሄደበት ሁሉ ገንዘቡ ይመጣለት ነበር። ግን በዚያ ዘመን ለአንድ ጥቁር አሻጊ ይህን ማን ይነግረዋል? ጠቅልሎ ከሸጠ በኋላ ድርድሩ ሁሉ እሱ በሌለበት ሆነ።

አሜሪካዊው ፒት ሲገር ሸክላውን ሰምቶ ከቡድኑ ጋር «ዊሞዌ» ብሎ ዘፈነው። የዙሉውን ቃል አሳስቶ ሰምቶት ነው። ደራሲው ፖል ካምቤል ተብሎ ተመዘገበ፤ እንዲህ የሚባል ሰው ግን የለም፣ የፈጠራ ስም ነው። ሲገር በኋላ ለሊንዳ 1,000 ዶላር አስልኮለታል፤ ይሄን መካድ ነውር ነው። በ1961 ቶክንስ የተባለው ቡድን በእንግሊዝኛ ግጥም ሲዘፍነው በአሜሪካ አንደኛ ወጣ። ሊንዳ በዓመቱ በኩላሊት በሽታ ሞተ። መቃብሩ ላይ ድንጋይ የቆመለት ከ18 ዓመት በኋላ ነው።

ልጆቹ በድህነት እየኖሩ ዜማው በ1994 ዲዝኒ ፊልም ውስጥ ገባ። ያዳናቸው አንድ ያረጀ ሕግ ነው። በ1911ዱ የእንግሊዝ የቅጂ መብት ሕግ፣ ደራሲ በሕይወት እያለ የሸጠው መብት በሞተ በ25 ዓመቱ ለወራሾቹ ይመለሳል። ስለዚህ ከ1987 ጀምሮ መብቱ የእኛ ነው ብለው በ2004 ዲዝኒን ከሰሱ። ጠበቃቸውም ሚኪ ማውስን ጨምሮ የኩባንያውን የንግድ ምልክቶች ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አሳገደ።

በ2006 ተስማሙ። ላለፈውም ለወደፊቱም ሊከፈላቸው፣ ሊንዳም ከዜማው ደራሲዎች አንዱ ተብሎ ሊጻፍ። የገንዘቡ መጠን አልተገለጸም።