ሰር ሴሬትሴ ካማ እና የዚምባብዌ ነፃነት

የቦትስዋና የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሰር ሴሬትሴ ካማ እ.ኤ.አ በ1921 በሴሮዌ ተወለዱ። እንግሊዛዊቷን ሩት ዊሊያምስን በማግባታቸው የእንግሊዝ መንግሥት ከ1951 እስከ 1956 ከአገራቸው አግዷቸው ቆይቷል።

በ1966 ነፃነቷን የተቀዳጀችው ቦትስዋና ወደብ አልባና ደሃ ነበረች። ዋነኛው የባቡር መስመሯ እንኳ የሚተዳደረው በሮዴዥያ ስለነበር፣ ከጎረቤቷ የአናሳ ነጮች አገዛዝ ጋር ንግድን ጨርሶ ማቋረጥ የራስን ጉሮሮ እንደማነቅ ነበር። በዚህ የተነሳ ካማ የመረጡት መንገድ ጠባብ ሆነ። ለኢያን ስሚዝ አገዛዝ ዕውቅና ነፈጉ፤ ስደተኞችን በሺዎች ተቀበሉ፤ ለነፃነት ታጋዮች ግን የጦር ሰፈር አልፈቀዱም።

ጥንቃቄው ድንበራቸውን አላስከበረላቸውም። እስከ 1977 መደበኛ ጦር ያልነበራት አገር፣ በየካቲት 1978 የሮዴዥያ ጦር ሌሶማ ላይ ባደረሰው ጥቃት 15 ወታደሮቿን አጣች። ካማ ያም ሆኖ ፖሊሲያቸውን አልለወጡም፤ ከታንዛኒያ፣ ከዛምቢያ፣ ከሞዛምቢክና ከአንጎላ መሪዎች ጋር በመሆን ለድርድር መፍትሔ መሥራታቸውን ቀጠሉ። በ1979 በለንደን የላንካስተር ሀውስ ስምምነት ተፈረመ፤ በሚያዝያ 1980 ዚምባብዌ ነፃ ወጣች።

በዚያው ዓመት በሉሳካ የተመሠረተውን የደቡባዊ አፍሪካ ልማት ማስተባበሪያ ጉባኤ በመጀመሪያ ሊቀመንበርነት የመሩት ካማ፣ ከዚምባብዌ ነፃነት ሦስት ወር ሳይሞላ በሐምሌ 1980 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።