ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ፦ በመሲንቆና በቫዮሊን መካከል

በሲምፎኒ ኦርኬስትራ ውስጥ ከሙዚቃ መሪው በስተግራ የሚቀመጠው ቀዳሚ ቫዮሊን ተጫዋች የጓደኞቹን አጨዋወት ይመራል፤ አንዳንድ ጊዜም ብቻውን ቆሞ ኦርኬስትራው ያጅበዋል። በአገራችን ግን ባለመሲንቆው ከጥንት ጀምሮ መሪውም፣ ተጫዋቹም፣ ድምፃዊውም ራሱ ነው። እነዚህን ሁለት ልማዶች ለማቀራረብ ከደከሙ ኢትዮጵያውያን መካከል ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ1938 በአዲስ አበባ ተወለዱ። በአሜሪካ ሮቼስተር ከተማ በሚገኘው የኢስትማን ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው በ1962 ተመረቁ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘውን የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በመሥራችነትና በመጀመሪያ ዳይሬክተርነት አገልግለዋል። በዚህ ትምህርት ቤት መሲንቆ፣ ክራርና ዋሽንት ከቫዮሊንና ከፒያኖ ጎን ለጎን ይሰጣሉ። አዝማሪ በሙያው ሲናቅ በኖረበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሁለቱ የአውታር መሣሪያዎች ከሚታሰበው በላይ ይቀራረባሉ። መሲንቆ አንድ፣ ቫዮሊን አራት አውታር ቢኖራቸውም ሁለቱም በፈረስ ጭራ ደጋን ይመታሉ። በሁለቱም ላይ ጣት የሚያርፍበት ቦታ በጆሮ እንጂ በምልክት አይለይም። ስለዚህ ፒያኖ በቁልፎቹ መካከል የሚያልፋቸውን የትዝታ፣ የባቲ፣ የአምባሰልና የአንቺሆዬ ለስላሳ ድምፆች ቫዮሊን ሊደርስባቸው ይችላል።

ፕሮፌሰር አሸናፊ ይህን ቅርበት በድርሰቶቻቸው ተጠቅመውበታል። ኮቱራሲያ የተሰኘው ሥራቸው ቫዮሊንን ከፍሉት፣ ከክላርኔትና ኮቶ ከተባለው የጃፓን የአውታር መሣሪያ ጋር ያጣምራል። እያንዳንዱ ተጫዋች በራሱ ድምፅ የሚታወቅበት በመሆኑ፣ በዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አስተያየት ከኦርኬስትራ ይልቅ ለአዝማሪ ቤት የቀረበ ነው። በ1967 ደግሞ የሀንጋሪን መንግሥታዊ ኦርኬስትራ መርተዋል። የእረኛውን ዋሽንት ያስታወሰው ድርሰታቸውም ከታወቁት ሥራዎቻቸው አንዱ ነው። የገበሬውን ዜማ እየሰበሰበ ወደ ኦርኬስትራ ካመጣው ከሀንጋሪያዊው ዞልታን ኮዳይ ጋር የሚያመሳስላቸው ቅጽል ስምም ተሰጥቷቸዋል።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሕይወታቸው በአብዛኛው በባሕር ማዶ ያለፈ ነው። በ1971 ከዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ በሙዚቃ ጥናት የዶክትሬት ዲግሪ አግኝተው በኩዊንስ ኮሌጅ፣ በብራንዳይስና በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። የጥቁር ሕዝቦችን ሙዚቃ መነሻ የሚመረምረው መጽሐፋቸው በ1982 ታተመ። የመሠረቱት ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ፣ እርሳቸው ግን በአሜሪካ ሆነው ዓመታት ተቆጠሩ፤ በ1998 በፍሎሪዳ አረፉ።

ከኮልፌ ቀራንዮም ሆነ ከሌሎች ክፍለ ከተሞች ትምህርት ቤቱን ለመጎብኘት የሚፈልጉ ነዋሪዎች በስድስት ኪሎ አካባቢ ያገኙታል።