ሳይመለስ የቀረው መልእክተኛ

ስለ ፖርቱጋሎች ታሪክ ስንማር ቶሎ ወደ አሳባችን የሚመጡት እንደ ቫስኮ ዳ ጋማ ሄደው የተመለሱት ናቸው። ይሁን እንጂ ያች ትንሽ አገር ልጆችዋን ወደ አፍሪካ፣ ወደ ህንድና ወደ ብራዚል ስትልክ ብዙዎቹ በሄዱበት ቀርተዋል። ከእነዚሁ አንዱ የቀረው በእኛው አገር ስለ ሆነ፣ የፔሮ ዳ ኮቪልያን ሕይወት ባጭሩ ልናቀርብላችሁ ወደድን። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ፔሮ የተወለደው ኮቪልያ በምትባለው የፖርቱጋል ከተማ ነው። በወጣትነቱ በእስጳንያ ምድር በአንድ መስፍን ቤት አገለገለ፤ ከዚያም ወደ አገሩ ተመልሶ የንጉሥ አፎንሶ 5ኛ፣ ቀጥሎም የንጉሥ ዡዋዎ 2ኛ ባለሟል ሆነ። ዐረብኛ ያውቅ ስለ ነበረ ንጉሡ በ1487 ዓ.ም. በግንቦት ወር ከአፎንሶ ደ ፓይቫ ጋር በምሥጢር ላኩት። ትእዛዙም ቅመማ ቅመም የሚመጣበትን መንገድ እንዲያጠኑና ቄስ ዮሐንስ እየተባለ የሚወራለትን ክርስቲያን ንጉሥ እንዲፈልጉ ነበረ።

ሁለቱም ነጋዴ መስለው በሮድስ፣ በእስክንድርያና በካይሮ አልፈው ኤደን ከደረሱ በኋላ ተለያዩ። ፓይቫ ወደ ኢትዮጵያ አቀና፤ ፔሮ ግን ባሕሩን ተሻግሮ የህንድን ወደቦች ካሊኩትንና ጎኣን አየ፤ ሆርሙዝንና በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ያለችውን ሶፋላንም ጎበኘ። ካይሮ ሲመለስ የጠበቀው የጓደኛው መርዶ ነበረ። እዚያው ከንጉሡ የተላኩ ሁለት አይሁድ፣ አንድ ረቢና አንድ ጫማ ሰፊ፣ አገኙት። ያየውን ሁሉ ጽፎ በጫማ ሰፊው እጅ ላከ፤ ረቢውንም ሆርሙዝ ካደረሰ በኋላ የሟቹን ድርሻ ሊፈጽም ወደ አገራችን መጣ።

አፄ እስክንድር በክብር ተቀብለው ወደ አገሩ ሊመልሱት ቃል ሰጡት። ነገር ግን በ1494 ዓ.ም. ዐረፉ። ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት አፄ ናኦድ ከለከሉት። መሬትና ሀብት ተሰጠው፤ ሚስት አግብቶ ልጆች ወለደ። እቴጌ እሌኒ የላኩት ማቴዎስ በ1514 ዓ.ም. ሊስቦን ሲደርስ፣ የሊስቦንን መንገድ የሚያውቀው ፔሮ በኢትዮጵያ ተቀምጦ ነበር።

በ1520 ዓ.ም. በሮድሪጎ ደ ሊማ የሚመራው የፖርቱጋል መልእክተኛ ጓድ በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን መጣ። ከአገሩ ከወጣ ሠላሳ ሦስት ዓመት የሆነው ፔሮ የወገኖቹን ቋንቋ ሲሰማ አለቀሰ። አስተርጓሚና መካሪ ሆኖም ረዳቸው። ዛሬ ታሪኩን የምናውቀው ከጓዱ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከአፉ ሰምቶ ስለ ጻፈው ነው፤ መጽሐፉም በ1540 ዓ.ም. ታተመ። መልእክተኞቹ በ1526 ዓ.ም. ሲመለሱ እርሱ አብሮ አልሄደም።

እኛ ኢትዮጵያውያን እንግዳ ተቀባዮች በመሆናችን እንመካለን፤ ልንመካም ይገባናል። ፔሮ በአገራችን አልተራበም፣ አልተዋረደም። ሆኖም መሬቱም ክብሩም በሩን አልከፈቱለትም። እንግዳን መውደዳችን የሚታወቀው ሲገባ በምናደርግለት ግብዣ ብቻ ሳይሆን፣ ልሂድ ሲል በምንሰጠው መልስም መሆኑን ከዚህ ሰው ሕይወት እንማራለን።