ፊት በፊት ላይ፦ ፍራንሲስ ጋልተንና የቤተሰብ መልክ

እንግዳ ወደ አንድ ቤት በገባ ጊዜ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በግድግዳው ላይ በተሰቀሉት ፎቶግራፎች ላይ ነው። ካባ የደረቡት አያት፣ ሙሉ ልብስ የለበሰው አባት፣ የምረቃ ቆብ የደፋው ልጅ ተራ በተራ ይታያሉ። እንግዳውም ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው እየተመለከተ ልጁ ቁርጥ አባቱን መሆኑን፣ ግንባሩን ግን ከአያቱ መውሰዱን ይመሰክራል። ይህን የመሰለው ምስክርነት በየቤቱ ሲሰጥ የኖረ ነው። ነገር ግን መመሳሰል ምን ያህል ነው? በምንስ ይለካል? ብሎ የጠየቀና መልሱን በፎቶግራፍ ማንሻ የፈለገ እንግሊዛዊ ነበረ፤ ስሙም ፍራንሲስ ጋልተን ይባላል። መለካት የዕለት ተዕለት ሥራችን ለሆነው ለማኅበራችን አባላት የዚህ ሰው ሕይወት ትምህርትም ማስጠንቀቂያም ይዟል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋልተን በ1822 ዓ.ም. በበርሚንግሃም ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ የባንክ ባለቤት ሲሆን እናቱ የታወቀው ሐኪም የኢራስመስ ዳርዊን ልጅ ነበረች። ስለዚህም ጋልተንና ቻርልስ ዳርዊን የአንድ አያት የልጅ ልጆች ናቸው። በወጣትነቱ ሕክምና ጀመረ፤ ከዚያም በካምብሪጅ ሒሳብ ተማረ። በ1844 አባቱ ሞቶ ከፍተኛ ሀብት ባወረሰው ጊዜ ሕክምናውን ተወው። የዓባይን ወንዝ ተከትሎ እስከ ካርቱም ተጓዘ፤ ከ1850 እስከ 1852 ደግሞ ዛሬ ናሚቢያ በምትባለው አገር እየተዘዋወረ ቦታዎችን ለካ። በ1853 ሉዊዛ በትለርን አገባ፤ ልጅ ግን አልወለዱም። ስለ ዘር ውርስ ዕድሜውን ሙሉ የጻፈው ሰው የሚያወርሰው ልጅ እንዳልነበረው ልብ ይሏል።

ጋልተን ያየውን ሁሉ ወደ ቁጥር ካልለወጠ የማያርፍ ሰው ነበረ። በ1875 በታይምስ ጋዜጣ ላይ የወጣው የአየር ጠባይ ካርታ የእርሱ ሥራ ነው። ከዚያ አስቀድሞ በ1869 ባሳተመው መጽሐፍ ታላላቅ ዳኞች፣ ሊቃውንትና የጦር መሪዎች ከጥቂት ቤተሰቦች እየተደጋገሙ መውጣታቸውን ቆጥሮ ችሎታ በደም የሚወረስ ነው ሲል ደመደመ። ገንዘብ፣ ትምህርት ቤትና የትውውቅ መረብም ከአባት ወደ ልጅ እንደሚተላለፉ ግን ተገቢውን ክብደት አልሰጠም። እርሱ ራሱ በአባቱ ሀብት ተደላድሎ ይመራመር እንደነበረ ስናስታውስ ስሕተቱ ይበልጥ ጎልቶ ይታየናል።

በ1877 ገደማ ጥያቄውን ወደ ፎቶግራፍ አመጣው። ዘዴው ቀላል ነበረ። የልዩ ልዩ ሰዎች ሥዕሎች በአንድ መጠንና በአንድ አቅጣጫ ይዘጋጃሉ፤ የሁሉም ዓይኖች በአንድ ቦታ ላይ እንዲገጥሙ ተደርጎ ወረቀቶቹ በመርፌ ቀዳዳ ይስተካከላሉ፤ ከዚያም በአንድ የፎቶግራፍ መስታወት ላይ ተራ በተራ ይነሣሉ። አንድን ሥዕል በሙሉ ለማንሣት 80 ሴኮንድ የሚያስፈልግ ቢሆንና ሥዕሎቹ 8 ቢሆኑ፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 10 ሴኮንድ ብቻ ነው። ለብዙዎቹ የጋራ የሆነው መስመር ደምቆ ይወጣል፤ የአንዱ ብቻ የሆነው ጠባሳ፣ የአፍንጫ ጉብታ ወይም የከንፈር ጥመት ግን እንደ ጥላ ደብዝዞ ይቀራል። እኛ በሒሳብ አማካይ የምንለውን ጋልተን በብርሃን ሠራው።

የመጀመሪያዎቹን ፊቶች ያገኘው ከእስር ቤት ነበረ። የእስር ቤቶች ኃላፊ የነበረው የምህንድስና ጦር መኮንኑ ኤድመንድ ዱ ኬን የእስረኞችን ፎቶግራፎች ሰጠው። ጋልተን ሥዕሎቹን ሲደራርባቸው የወንጀለኛ ፊት ጎልቶ ይወጣል ብሎ ጠብቆ ነበረ። የወጣው ግን ከእያንዳንዱ ይልቅ የተሻለ መልክ ያለው ተራ ሰው ነው። በጤናማነት ምሳሌነት ያቀረበው ደግሞ የሙያ ባልደረቦቻችንን፣ ማለት የንጉሣዊው የምህንድስና ጦር 12 መኮንኖችንና 11 ወታደሮችን ነበረ። በ1882 ከአንድ ሐኪም ጋር ሆኖ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን ፊት መረመረ፤ ለበሽታው የተለየ መልክ አላገኘም። መሣሪያው ደጋግሞ የጌታውን ግምት ውድቅ አድርጎበታል።

የቤተሰብ ሥዕሎቹ ግን ሌላ ነገር አሳዩ። በ1883 ባሳተመው መጽሐፍ መግቢያ ላይ የሁለት እኅትማማቾች ጥምር ሥዕልና የአንድ ቤተሰብ አባላት የሆኑ 6 ወንዶችና ሴቶች ጥምር ሥዕል ይገኛሉ። ጋልተን ይህ ልማድ በየቤቱ እንዲገባ ተመኘ። ቤተሰቦች የልጆቻቸውን ፎቶግራፍ ከሕፃንነት እስከ እርጅና በየጊዜው እያነሡ ለሚቀጥለው ትውልድ እንዲያቆዩ መከረ፤ በ1884 ለዚሁ የሚሆን የሕይወት ታሪክ መዝገብ አሳተመ፤ የተሟላ የቤተሰብ መዝገብ ለሚልኩም የ500 ፓውንድ ሽልማት መደበ።

ከተሰበሰቡት መዝገቦች የ205 ጥንድ ወላጆችንና የ928 አዋቂ ልጆቻቸውን ቁመት አነጻጽሮ በ1886 ታላቁን ግኝቱን አቀረበ። ወላጆች ከሕዝቡ አማካይ ቁመት በ3 ኢንች ቢበልጡ ልጆቻቸው በአማካይ የሚበልጡት በ2 ኢንች ገደማ ነው። ዛሬ የሙከራ ውጤቶቻችንን በምናሰላበት ጊዜ የምንጠቀምበት የሪግሬሽን ስሌት ስሙን ያገኘው ከዚህ ወደ አማካይ የመመለስ ሕግ ነው። የቁሳቁስ ጥንካሬ የሚፈትን መሐንዲስ ሁሉ የጋልተን ባለዕዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሆኖም እንደ ለካው መጠን አልተጠነቀቀም። ዩጀኒክስ የሚለውን ስም በዚያው በ1883 መጽሐፉ ፈጥሮ ከሰዎች የተሻሉ የተባሉት እንዲባዙ፣ ደካማ የተባሉት እንዲያንሱ ሰበከ። በ1909 የሰር ማዕረግ ተቀበለ፤ በጥር 1911 ሲሞትም ለዚሁ ትምህርት መንበር ማቋቋሚያ ለለንደን ዩኒቨርሲቲ 45,000 ፓውንድ ተናዘዘ። ሐሳቡ እርሱ ካሰበው አልፎ ሄደ። በአሜሪካ ብዙ ክፍላተ አገር ሰዎች ያለ ፈቃዳቸው እንዲመክኑ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ፤ በጀርመን በ1933 የወጣው ሕግም 400,000 ያህል ሰዎችን መካን አደረገ። በ2020 የለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ስሙን ከመማሪያ አዳራሹ ላይ አነሣ።

ከጋልተን በኋላ ፈላስፋው ሉድቪግ ዊትገንሽታይን የራሱንና የሦስት እኅቶቹን ፊት በዚሁ ዘዴ አስደራርቦ ነበረ። በኋላ ግን የቤተሰብ መመሳሰል ሁሉም የሚጋሩት አንድ ፍሬ ነገር እንዳልሆነ አስተማረ። አንዱ በዓይን፣ ሌላው በአረማመድ፣ ሦስተኛው በጠባይ እየተያያዙ ይሄዳሉ። ገመድ ጠንካራ የሚሆነው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘልቅ አንድ ጭረት ስላለው ሳይሆን ብዙ አጫጭር ጭረቶች ስለሚደራረቡ ነው። ይህን የገመድ ነገር መሐንዲስ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ወደ ግድግዳችን ፎቶግራፍ እንመለስ። በዚያ ሥዕል ላይ የአያትየው እጅ በልጁ ትከሻ ላይ አርፏል። ልጁ በጉዲፈቻ የመጣ ቢሆን እንኳ ያ እጅ ከቦታው አይነሣም፤ ፊቶቹን ብንደራርብ ግን መጀመሪያ ደብዝዞ የሚጠፋው እርሱ ነው። አማካይ ድልድይ ለመሥራት ይጠቅመናል፤ በድልድዩ ላይ ማን ይለፍ፣ ማን ይቅር ብሎ ለመፍረድ ግን ሥልጣን አይሰጠንም።